ኦኑፍሪን የት እንደቀበርነው

ይድረስ በእናት ቦታ ላሉኝ ለእትዬ ማላንካ፣

እትዬ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብዎ ቁርጥማት ዘንድሮስ ተወዎት ወይ? ጋሼ ሴንኮስ ደኅና ናቸው? ሳላቸው በረደላቸው? ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ የንብ ቀፎው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ብጽፍልዎ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ሲነጋ እንነሳለን፣ እንሠራለን፣ የተገኘውን እንቀምሳለን፣ ሲመሽ እንወድቃለን። ከዚያ በላይ አይጠይቁኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሐዋርያት ጾም መግቢያ ነው። ልጄ ዳኒሎ ከከተማ ይዞልኝ መጣ፤ እጄ ሊጥ ስለነበር እህቱ ኦሌና ከፍታ አነበበችልኝ፤ ማታ ደግሞ እኔው ደግሜ አነበብኩት። ያገራችን ሰው ኩዝማ በላከልዎ ሁለት መስመር መርዶውን እንደሰሙ፣ ደረትዎን እየደቁ እንዳለቀሱ፣ የመንደሩ ሴቶች እንዴት እንደደገፉዎት ሁሉ አየሁ። «ወንድሜ እንዴት ሞተ? አጠገቡ ማን ነበር? የት ቀበራችሁት?» ብለው ጠይቀውኛል። መጨረሻ ላይም «ልጆችሽን ይዘሽ ነዪ፤ ከጓሮ ያለችው ቤት ባዶ ናት፤ ጣራዋን አሳድሼልሻለሁ» ብለውኛል። ጣራዋን እንዳሳደሱ ሳነብ አለቀስኩ። ለሁሉም መልስ እሰጥዎታለሁ፣ ግን በየተራው ይሁን፤ ድካሙ ከእጄ አልፎ አሳቤ ውስጥ ስለገባ ካዘበራረቅኩት ይጠፋኛል።

ኦኑፍሪ ሲጽፍልዎ ቀልዱን ብቻ ነበር የሚጽፈው። «እህቴ ያሳደገችኝ በእንባዋ ነው፣ ሌላ እንባ አልጨምርባትም» ይል ነበር። እንግዲህ አሁን እሱ የለምና ሌላውን እኔ ልንገርዎ፤ ወንድምዎ እዚህ አገር እንዴት እንደኖረ ሳያውቁ አሟሟቱን ብቻ ብነግርዎ ግማሽ ሰው መንገር ይሆንብኛል።

ከባቡር ወርደን መሬት ስንመርጥ ያገራችን ሰው ሁሉ የሄደው ወደ ጫካው ነበር። ኩዝማና ሚስቱ ሃፊያም፣ በመርከቡ ላይ ከእኛ ጋር አንድ ድስት ሲበሉ የመጡት፣ እዚያው ያዙ። ጫካ ማለት ማገዶ ነው፣ የቤት ማገር ነው፣ ከነፋስ መጠለያ ነው። ደግሞ ሰው ባለበት ቤተ ክርስቲያን ይሠራል። ኦኑፍሪ ግን ብቻውን በእግሩ ወደ ሜዳው ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ባርኔጣው ውስጥ ጥቁር አፈር ይዞ ነበር፤ አፍንጫዬ ሥር ደቀነልኝ። «ፓራስካ፣ አሽትቺው! አንድ ዛፍ የለም፣ አንድ ድንጋይ የለም። ማረሻ አንዴ ከገባ እስኪመሽ ምንም ሳያነቅፈው ይሄዳል» አለኝ። ኩዝማ ሰምቶት «አንተ ሰው፣ ምን ልታነድ ነው? አፈሩን?» አለው። ኦኑፍሪም «አንተስ ምን ልትበላ ነው? ግንዱን?» ብሎ መለሰለት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ። አንቺስ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እዚያ አገራችን ባሉት ጌቶች ርስት ላይ ዕድሜ ልኩን ድንጋይ ሲለቅም ለኖረ ሰው ያ አፈር ምን እንደሆነ ይገባኛል፤ አሁንም ይገባኛል። ብቻ አልጠየቀኝም።

የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍነው መሬት ውስጥ ነው። ጉድጓድ ቆፈርን፣ በላዩ ላይ ጥቂት አግዳሚ እንጨት አጋደምንበት፣ ሣር ከነሥሩ በጓል በጓሉ ቆርጠን ከደንነው። እሱ ለዘር የሚሆን ሊያገኝ ሐዲድ ሥራ ሄደ፤ እኔ ከሁለት ሕፃናት ጋር እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቀረሁ። ሣር እየጎነጎንን አነደድን፤ በኋላ ላም ስናገኝ ኩበት አነደድን። ነፋሱን እንዴት አድርጌ እንደምነግርዎ አላውቅም። እኛ አገር ነፋስ እንግዳ ነው፣ መጥቶ ይሄዳል። እዚህ ግን የቤቱ ባለቤት እሱ ነው፣ እንግዶቹ እኛ ነን። አንዳንድ ቀን ድስቴን አንኳኩቼ እዘፍን ነበር፤ ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ከነፋሱ ሌላ ድምፅ ለመስማት ነው።

በጸደይ ሲመለስ ከሲታ ሆኖ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ መጣ። ኦሌና አላወቀችውም፣ ቀሚሴ ውስጥ ተሸጎጠች። እሱ ግን በማግስቱ ጠፍ መሬቱን መገመስ ጀመረ። ያ ሣር እግዚአብሔር ከተከለው ጀምሮ ማንም አልነካውም፤ ሥሩ እንደ ገመድ የተገመደ ነው፤ ሲቆረጥ ጨርቅ የሚቀደድ ያህል ይጮኻል። በሬዎቹ ይደክማሉ፣ እሱ አይደክምም። ማታ መዳፉን በቅቤ እያሸሁ «ነገ እረፍ» ስለው «ነገማ ያቺን ጥግ ነው» ይለኛል። ሁልጊዜ አንዲት ጥግ ትቀራለች። አንድ ዓመት ስንዴው እሸት እንዳለ ውርጭ መታው፤ ገለባ አጨድን። ዳኒሎ ገለባውን እያየ ሲያለቅስ ኦኑፍሪ አንድ እፍኝ ጨምድዶ ሸተተና «ሽታው እንኳ ጥሩ ነው» አለ። እንዲህ ነበር።

ጎረቤታችን ማክፊ የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው፤ ቀይ ጢም ያለው፣ ሚስት ያላገባ፣ ብቻውን የሚኖር። የእኛን ቋንቋ አያውቅም፣ እኛ የእሱን አናውቅም። ግን ሁለቱ እርሻ ላይ ሲገናኙ እሱ በራሱ ቋንቋ ያወራል፣ ኦኑፍሪ በእኛው ይመልሳል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። «ምን አለህ?» ብዬ ስጠይቀው «እኔ ምን አውቄ! ግን ልክ ብሏል» ይለኝ ነበር። የሜዳው እሳት የመጣ በጋ ያዳነን እሱ ነው። ጭሱን አይቶ ፈረሶቹን እየጋለበ ደረሰ፤ ሁለቱ ወንዶች ቤቱን ዙሪያውን አርሰው ጥቁር አፈር አለበሱት፣ እኔና ልጆቹ በረጠበ ጆንያ እሳቱን ስንመታ ዋልን። በረቱና የሣሩ ክምር ነደደ፤ ቤቱና ላሟ ተረፉ። ሲያበቃ ኦኑፍሪ ቅንድቡ ተቃጥሎ፣ ፊቱ ከሰል መስሎ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «በይ እንግዲህ፣ ዛሬስ ማገዶ አጣን አትዪኝም» አለኝ። በእጄ በያዝኩት ባልዲ ራሱን ልለው ነበር። ከዚያ ሳቄ መጣ። እንዲህ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ማልቀስ አለ፤ እርስዎ ያውቁታል።

በመጨረሻ መሬቱ በስማችን ጸደቀ። በጭቃ የተመረገ፣ በኖራ የተቀባ፣ እንደ አገራችን ያለ ቤት ሠራን። ሁለት ፈረሶች ገዛን። ሕይወት ቀለለች ልል ስል ነው የሄደው።

አሁን ወደ አሟሟቱ ልግባ። እዚህ እንጨት የለምና በየክረምቱ በበረዶ ጋሪ ወደ ጫካው ሄዶ ያመጣ ነበር፤ ወንዙ ግግር ሆኖ ስለሚጠነክር መንገዱ በላዩ ላይ ነው። ዘንድሮ ከሆሣዕና በፊት ፀሐይዋ ቶሎ ሞቀች። «አይሆንም፣ በረዶው ለስልሷል» አልኩት። «አንድ ጭነት ብቻ፤ የፋሲካ ዳቦ በኩበት አይጋገርም» አለኝ። ሄደ። ሲመለስ ወንዙ መሃል ላይ ግግሩ ከፈረሶቹ ሥር ተከፈተ። ትቷቸው ቢዘል ይድን ነበር። እሱ ግን ውሃው ውስጥ ገብቶ፣ ደረቱ ድረስ ቆሞ፣ ጠፍሩን በቢላዋ ቆርጦ ሁለቱንም ፈረሶች አወጣቸው። እንጨቱ ከነጋሪው ሰጠመ። ከዚያ እየመራቸው በእግሩ መጣ። እርስዎ ሰፍተው የሰጡት የበግ ለምድ በላዩ ላይ ደርቆ እንደ በርሜል ሆኖ ነበር፤ ስናወልቅለት ራሱን ችሎ ወለሉ ላይ ቆመ። ኦኑፍሪ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ለምዱን እያየ «ኦሌና፣ ለእንግዳው ወንበር ስጪው» አለ።

በማግስቱ ጎኑን ወጋው። የሳንባ ምች ነው። ማክፊ ሐኪሙን ከከተማ ይዞ መጣ፤ ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ሰጠን፣ ደጅ ወጥቶ ለማክፊ የሆነ ነገር ነገረው። ማክፊ ተመልሶ ሲገባ ዓይኔን ማየት አቃተው። የሐኪሙን ቃል የሰማሁት ከዚያ ከማክፊ ፊት ነው። ማር በትኩስ ወተት አጠጣሁት፣ ጀርባውን በዋግምት ሳብኩለት፣ የማውቀውን ሁሉ አደረግሁ። ፋሲካን በአልጋ ዋለ። ሃፊያ በባሏ እጅ የተባረከ ዳቦና ቀይ እንቁላል ላከችልን፤ ከዳቦው ትንሽ ቆረሰ፣ እንቁላሉን ከዳኒሎ እንቁላል ጋር አጋጨ፣ የዳኒሎ ተሰበረ፤ «ገና አልቻልከኝም» አለው።

የፋሲካ ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ዳኒሎ ፈረሶቹን ሊያጠጣ ወጥቶ ነበር። እኔና ኦሌና አጠገቡ ነበርን፤ እኔ ትራሱን ደግፌ፣ እሷ እግሩን እያሸች። አጠገቡ ማን ነበር ላሉኝ እንግዲህ ይኸው፣ ብቻውን አልነበረም። ዓይኑን ገልጦ «ፓራስካ፣ የት ልትቀብሪኝ ነው?» አለኝ። «ዝም በል፣ ምን ዓይነት ወሬ ነው» አልኩት። «ዝም ማለቱ አይቀር፤ ከዚያ በፊት ልጠይቅ» አለኝ። እኔም «የት ይሆናል፤ ኮረብታዋ ላይ፣ መሬትህ ላይ ነዋ» አልኩት። ሁሌም የሚቀመጥባት፣ ማሳውን ከላይ የሚያይባት ትንሽ ጉብታ አለች። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። በየቃሉ መሃል እየተነፈሰ እንዲህ አለኝ፦ «መሬቴን እወደዋለሁ። ግን እዚያ ቅበሪኝ ካልኩሽ አስሬሽ መሄዴ ነው። ካስማ ላይ እንደታሰረች ላም መቃብሬን ስትዞሪ ትኖሪያለሽ። ስንመጣ አልጠየቅኩሽም፤ አሁን እየጠየቅኩሽ ነው። አንቺ ወደምትፈልጊው ውሰጂኝ።»

እትዬ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያ ቃል ከአፉ እንዲወጣ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አሁን ሲወጣ ምን እንዳደረግሁ ልንገርዎ? ተቆጣሁት። «አሁን ነው የምትጠይቀኝ? አሁን?» ብዬ ጮህኩበት፣ በሚሞት ሰው ላይ። ፈገግ አለ፤ ሊስቅ ፈልጎ ሳሉ ቀደመው። እጄን ያዘ፣ እኔም ያዝኩት። ዳኒሎ ባልዲውን እንደያዘ ሲገባ አባቱ አልፎ ነበር።

ማክፊ መሞቱን እንዳወቀ ፈረሱን ጫነና ወደ ጫካው ለአገራችን ሰዎች ሊነግር ሄደ። በኋላ ሃፊያ እንደነገረችኝ ደጃቸው ላይ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ «ኦኑፍሪ» ብቻ አለ። እሷም የሊጥ ገበታዋን እንደያዘች መጮህ ጀመረች። በማግስቱ ኩዝማና ሃፊያ ጭቃውን እየቀዘፉ ደረሱልን። ሃፊያ ሬሳውን ስታጥብ «አይዞሽ፣ በፋሲካ ሳምንት የገነት በር ክፍት ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል» አለችኝ። «እሱ መቼ አንኳክቶ ያውቃል» አልኳት። ሁለታችንም እያለቀስን ሳቅን።

ጠቡ የመጣው ከዚያ ነው። ዳኒሎ የጎተራውን ሳንቃ ነቅሎ ሳጥኑን ሲሠራ ዋለ፤ እኔ ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል ስል መዶሻውን ጣለ። «አባዬን ከመሬቱ ልትነቅዪው ነው? ሌላ ምን ነበረው?» አለኝ። አባቱ ያለኝን ነገርኩት። «ላንቺ አዝኖ ነው እንጂ ልቡ እዚህ ነው» አለ። ኩዝማ ደግሞ «መሬቱ አልተባረከም፣ ቄስ አልረገጠውም፤ ሰው እንደ ከብት በሜዳ አይጣልም» አለ። ሃፊያ ባሏን ገፋ አድርጋ «አንተ ደግሞ! መንገዱ ሁሉ ውሃ ነው። ሳጥኑን ጭቃ ላይ ልትገለብጡት ነው? ሬሳ አያማርርም፣ እዚሁ ይረፍ፤ ቄሱ ሲመጣ ይባርከዋል» አለች። ሁሉም በየፊናው ተናገረ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። «ከሰው መሃል ይረፍ። ነፋሱን እስኪበቃው ሰምቷል» አልኩ። ስለ እሱ ይሁን ስለ ራሴ እንደተናገርኩ እንጃ።

ይህን ስንነጋገር ለካ ማክፊ የሚባለውን ሳይሰማ፣ ማንም ሳያዘው፣ ከማለዳ ጀምሮ ጉብታዋ ላይ እየቆፈረ ነበር። መሬቱ ከሥር ገና በረዶ ነው፤ በዶማ እየፈለጠ እስከ ደረቱ ወርዶ ነበር። ሄጄ ከላይ ቆምኩበት። በምን ቋንቋ ልንገረው? ወደ ጫካው አቅጣጫ ጠቆምኩ፣ አማተብኩ፣ እጄን እንደ ሳጥን ዘረጋሁ። ጉድጓዱን አየ፣ እኔን አየ፣ መዳፉ ተልጦ ነበር። ራሱን ነቅንቆ እሺ አለና ወጥቶ ሠረገላውን ሊያዘጋጅ ሄደ። አንዲት የቅሬታ ምልክት አላየሁበትም። ከእኔ ወገን እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ነው ያየሁት።

ሃፊያ ግን ጉድጓዱን ስታይ ደነገጠች። «ክፍት መቃብር አፉን ከፍቶ ሌላ ሰው ይጠብቃል፤ ባዶውን አትተዉት» አለች። ያን ጊዜ ዳኒሎ ወደ ቤት ገባና ያንን ለምድ ይዞ ወጣ። ቆዳው ተሰነጣጥቆ፣ ጠጉሩ ረግፎ ከእንግዲህ ለማንም የማይሆን ነበር። አጣጠፈው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ አስቀመጠው፣ እጅጌውን አስተካከለለት። ኩዝማ ጸሎት ልድገም አልድገም እያለ ሲያመነታ ሃፊያ በክርኗ ጎሸም አደረገችው፣ ደገመ። አፈሩን ዳኒሎና ማክፊ መለሱበት። እንግዲህ እትዬ፣ የእጅዎ ሥራ እዚያ ጉብታ ላይ አርፏል። ልጄ በዚያ በኩል ሆዱ ትንሽ ሻረለት። ለእኔ ግን አፉን አልከፈተልኝም።

መንገዱ በደረቅ ጊዜ በግማሽ ቀን የሚሄዱት ነው፤ እኛ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድረን ነው የደረስነው። ሠረገላው አንድ ረግረግ ውስጥ እስከ እምብርቱ ገባ። ዳኒሎና ማክፊ ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ሆነው ይገፋሉ። ማክፊ በቋንቋው ፈረሶቹን ይሳደባል፣ ኩዝማ ከላይ ሆኖ በእኛ ቋንቋ ዳዊት ይደግማል፤ እግዚአብሔር የትኛውን እንደሰማ አላውቅም፣ ብቻ ወጣን። እኔ ሳጥኑን አቅፌ ተቀምጬ ነበር። ሕይወቱን ሙሉ ስቸኩል ልደርስበት ያልቻልኩትን ሰው ያን ቀን ብቻ ይዤው ሄድኩ።

ቀብሩ ያማረ ነበር፤ ይህን ደስ ይበልዎ። የጫካው ሰው ሁሉ ወጥቶ ጠበቀን። የፋሲካ ሳምንት ስለሆነ ቄሱ የፍትሐቱን ዜማ ትተው «ክርስቶስ ተንሥአ» እያሉ ነው የሸኙት፤ ሰው ሁሉ ሻማ ይዞ ተቀበላቸው። የማር ንፍሮ ተቀቀለ። የማላውቃቸው ሴቶች አንገቴን አቅፈው ከእኔ ጋር አለቀሱ። ለዓመታት ከሴት ጋር አልቅሼ አላውቅም ነበር፤ እዚያ ሜዳ ላይ ሴት የለማ። ማክፊ ከበሩ ውጭ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ እጁን ይዘው አስገቡትና ከኩዝማ አጠገብ አስቀመጡት። የተቀበረው ከደቡብ ባለው አጥር ሥር ነው፣ ከበርች ዛፍ አጠገብ። ዛፍ በሕይወቱ አልመረጠም፤ ግን ጥላው መልካም ነው።

ዳኒሎ ከማክፊ ጋር ወደ ቤት ተመለሰ። እኔን ሃፊያ «እስከ ክረምት እዚሁ ከእኔ ጋር ቆዪ፤ ልጁ መሬቱን ይሽጥ ያከራይ፣ ከዚያ አገርሽ ግቢ» ብላ ያዘችኝ። እኔም የፈለግሁት ያንኑ ነበር። ኦሌናን ይዤ ተቀመጥኩ። ማንም ቀስቅሶኝ አያውቅም፤ ተኛሁ፣ በላሁ፣ ከሴቶች ጋር ሱፍ ፈተልኩ። ሰው ሁሉ የኛን ቋንቋ ይናገራል። ከፈለግሁ በእግሬ ሄጄ መቃብሩን አያለሁ። የምመኘው ሁሉ ይኸው ነበር። ታዲያ አንድ ነገር አልተመቸኝም፦ ዛፉ ከየአቅጣጫው ይዘጋኛል፣ ሰማዩ በወንፊት እንደሚታይ ነው። ደግሞ ዝም ይላል። ለካ ያ የረገምኩት ነፋስ ጆሮዬ ውስጥ ቤት ሠርቶ ኖሯል። ይህን ለሃፊያ ስነግራት «አብደሻል» አለችኝ። ምናልባትም ልክ ነበረች።

አንድ ጠዋት እሷ ደጅ ሱፍ ስናበጥር ዳኒሎ በሠረገላ መጣ። ከቀብሩ ወዲህ አላየሁትም። ከስቷል፤ ጢም ማውጣት ጀምሯል፤ ወንበር ስንሰጠው አልተቀመጠም። ሲቆጣኝ የከረመ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ «እማ፣ መሬቱ ደርቋል። ዘሩን አበጥሬ ጨርሻለሁ። በየትኛው ማሳ እንጀምር?» አለኝ። እኔም ሳላስብ፣ እጄ ከሱፉ ሳይነሳ፣ «ከጉብታው በታች ካለው ጀምር፣ እሱ ቶሎ ይደርቃል። ረባዳውን ተወው፣ ገና ማረሻ ይይዛል» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁት። እትዬ፣ ያን መሬት ከዳር እስከ ዳር አውቀው ኖሯል። ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ነው እንጂ። ሃፊያ ማበጠሪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። «በቃ፣ አንቺ ሄደሻል» አለችና ተነስታ ሻርፔን አመጣችልኝ።

ስለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄዎ መልሴ ይኸው ነው፦ አልመጣም። እንዳይቀየሙኝ። መቃብሩ አስሮኝ አይደለም፤ መቃብሩ ሌላ ቦታ ነው፣ እሱ ራሱ ፈትቶኝ ነው የሄደው። ኑሮው ጣፍጦኝም አይደለም። ይህን ሜዳ እወደዋለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። ወገቤ ታሟል፣ ጥርሴ ረግፏል፣ በአርባ ዓመቴ እንደ አሮጊት እጎብጣለሁ፤ አንዳንድ ጠዋት ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ እዚያው እቀራለሁ። ግን አገሬ ብመጣ በሰው ግቢ የምታድር መበለት እሆናለሁ፣ ዳኒሎንም የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ይወስደዋል። እዚህ ሲነጋ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ያቺን ቤት ለአማችዎ ለእስቴፋን ይስጡልኝ፤ ጣራዋ አዲስ ከሆነ ልጆቹ ይሞቃሉ። የደከሙበትን እጅዎን ከዚህ ሆኜ ስሜያለሁ።

ስንዴው አሁን ጉልበት ደርሷል። ዝናቡ ትንሽ ዘግይቶ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት ደህና አድርጎ ጣለ። ውርጭና በረዶ ካልመታው አዝመራ አለን። ማክፊ በየእሑዱ ይመጣል፣ ኦሌና የእኛን ቃላት ታስተምረዋለች፤ «ምስጋና» ማለት ሲያቅተው የሚያደርገውን ቢያዩ ሆድዎን ይዘው ይስቁ ነበር። ዳኒሎ ሁለቱን ፈረሶች አባቱ ከውሃ ያወጣቸው ናቸውና ማንንም አያስነካም፤ ሲያርስም እንደ አባቱ ያፏጫል። መጀመሪያ ቀን ያን ፉጨት ስሰማ ወደ በሩ ሮጫለሁ። አሁን አልሮጥም፤ እሰማዋለሁ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ገና ደወል የለውም፤ ከእንጨት ላይ የተንጠለጠለ የሐዲድ ቁራጭ ነው የሚመታው፤ ለእሱም የተመታለት ያው ብረት ነው። እርስዎ የክርስትና ስሙን ለቄሱ ነግረው፣ በተወለደበት ደብር ትልቁን ደወል አንዴ ያስመቱለት። ከላይኛው ሰፈር እስከ ወፍጮው ድረስ ይሰማ። ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ሲጠይቅ «ኦኑፍሪ፣ ሩቅ አገር ሄዶ የነበረው» ይበሉልኝ።

ለጋሼ ሴንኮ ጉልበታቸውን ስማ ፓራስካ ሰላም ብላለች ይበሉልኝ። እስቴፋንን ከነሚስቱ፣ ትንሿን ካትሪናን፣ አዲስ የተወለደውንም ሕፃን ስሙን ባላውቀውም ግንባሩን ይሳሙልኝ። አሮጊቷ ጎረቤታችን ቴክላ በሕይወት ካሉ፣ የሰጡኝ የቀይ ሥር ዘር እዚህ ምድር ተስማምቶት በየዓመቱ እንደሚበቅል ይንገሯቸው። የእናቴን መቃብር በሚያልፉበት ጊዜ ሁሉ አንድ አፍታ ቆም ይበሉልኝ። ዳኒሎ እጅ ይነሳል፣ ኦሌና አንገትዎን አቅፋ ትስማለች፤ ኩዝማና ሃፊያም ብዙ ሰላም ብለዋል።

እርስዎን እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ እኔንም ለነገ የሚበቃ ጉልበት ይስጠኝ። ላሟ እየጮኸች ነው፤ ልለባት ልሂድ።

የወንድምዎ ሚስት
ፓራስካ

ሳስካችዋን፣ ከሜዳው ቤታችን
በሐዋርያት ጾም፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. 1912